ስለ እሑዱ ሳቅ

ማንያዘዋል፣

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከአንተ ጋር እንግሊዝኛ ልታጠና ቤታችን በመጣችው በዓይናዲስ ፊት፣ «አንተ ከበግ ጋር አድገህ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልሃል?» ያልኸኝ አንተ ነህ። ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም።

«ቀዝቃዛ እግር አለው» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ትርጉም እሷ ስትጠይቅህ ቀድሜህ «ካልሲ ያጣ ሰው ነዋ» አልሁ። እውነት መስሎኝ ነው። አሁን ሰው ጠይቄ አውቄዋለሁ፤ ነገሩ ሲደርስ የሚፈራ ሰው ማለት ነው። ታዲያ እኛስ «ሆድ ባሰኝ» ስንል ሆዳችንን አሞን ነው? አባባልን የሚያውቀው የለመደው ነው። ምነው ቀስ ብለህ ብትነግረኝ?

የአንተ ሳቅ ይሁን። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅም የምታየው አንተን ነበር። የተቀመጠችው ግን የእኔ አልጋ ላይ ነው።

ውኃ መጥቶ ነበር፣ ጀሪካኖቹን ሞልቻለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ። የበሩን ማጠፊያ በሚስማር መትቼዋለሁ፤ ትናንት ጠንከር አድርጌ ስዘጋው ነው የተነቀለው።

እኔ ከጌቾ አይሱዙ ጋር ጭነት ይዘን ወደ አዲ አርቃይ ልንወርድ ነው። መቼ እንደምመለስ አልነግርህም። ጥናታችሁን አጥኑ፤ አልጋዬን ግን…

ይኸው፣ ይህን ስጽፍ መጥታ በሩን እያንኳኳች ነው። «አያ አዳነ፣ ማንያዘዋል አለ?» ትላለች። አንተን በስምህ፣ እኔን እንደ ታላቅ ሰው አያ! እኔና አንተ እኮ እኩያ ነን።

ወረቀቱን ትራስህ ላይ እተወዋለሁ። እኔ በሩን ከፍቼላት በአጠገቧ አልፌ እሄዳለሁ።