በሦስተኛ ፎቅ ስለሚኖረው የስለት በግ

ግንቦት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ።

እኔ ጥሩወርቅ ወልደሰንበት፣ የሰባ አንድ ዓመት አሮጊት፣ ልቤ ደከመ እንጂ ልቡናዬ አልደከመም። ማንም ሳያባብለኝ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ የንስሐ አባቴ ቄስ መልአኩ እየጻፉ፣ የሕንፃው ዘበኛ የሞያሌው ከሊፋ እየሰማ፣ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ልጄና ወንድሜም ተቀምጠዋል። በጉ በረንዳ ላይ ነው።

መሃል ከተማ ያለችው ምግብ ቤቴ ከነድስቷ ለልጄ ለምርቃት ትሁን። ዌስትላንድስ ቢሮ ስትቀመጥ ወጥ መሥራት ረስታለች፤ ትማር።

ወንድሜ አስቻለው ዳዊቴን ይውሰድ። ቢላዎቼን ግን አንዱንም እንዳይነካ። ምክንያቱን እርሱ ያውቃል፤ ለማያውቅ እነግራለሁ።

ልጄ ኪሩቤል በ1996 ዓ.ም. በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ፤ ከማላዊ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። በሰላም ቢመለስልኝ ለቅዱስ ገብርኤል በግ ላርድ ተሳልሁ። እንደ እኔ ያለ ስደተኛ ቃሉ አይታመንም ብዬ፣ ገብርኤል አይቶ እንዲቸኩል፣ አንድ ጆሮው ጥቁር የሆነ በግ አስቀድሜ ገዛሁ። በማታቱ፣ በዚህ አገር ሚኒባስ፣ አሳፍሬ አምጥቼ በደረጃ አወጣሁት።

አስቻለው «እታለም፣ አምስት ዓመት ሆነው እኮ። እርማችንን እናውጣ፤ በጉም ለተዝካሩ ይታረድ» ይለኛል። ያ በግ ለተዝካር የታረደ ዕለት ልጄ ሞተ ማለት ነው። በሕይወቴ አልፈቀድሁም፤ በሞቴም አልፈቅድም። በእኔ ተዝካር ምስር ይቅረብ።

ስለዚህ በጉ በዚህ ቤት ይኑር፤ ቀለቡም ከምግብ ቤቱ ይምጣ። ምርቃት «ማሚ፣ ፕሊዝ፣ በግ አይወርስም» ብላ አቋረጠችኝ። ቄስ መልአኩ ይህንም ይጻፉት። አይወርስም፤ ይጠብቃል።

እምነት አለኝ ብዬ አልመጻደቅም፤ ብዙ ቀን ጸሎቱ አፌ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በግ ግን ሲነጋ ይጮኻል። ጉልበቴን እየረገምሁ ሣር ፍለጋ እወርዳለሁ፤ ስመለስ፣ ለስለት በግ ሣር የሚለቅም ሰው ተስፋ አልቆረጠም እላለሁ። ባለፈው ዓመት ጥር ከተማው ታውኮ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ በጎሳ ተኳርፈው የነበሩት የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ጎረቤቶቼ የበጉን ጩኸት ሰምተው፣ ሁለቱም የሱኩማ ጎመን ይዘው ደጄ ላይ ተገጣጠሙ። ሳይወዱ በግድ ሰላምታ ተሰጣጡ። እግዚአብሔር አልተወንም ያልሁት ያን ዕለት ነው።

ቴሌቪዥኔ ለከሊፋ። በክርስቲያን ቢላ ስለሚታረድ ሥጋውን እንደማይቀምስ እያወቀ አምስት ዓመት ሙሉ በጉን አጥቧል።

አሁን ለንስሐ አባቴም ያልተናገርሁት አለ። ይህ በግ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሦስተኛው ነው። ሁለቱ ታመው ሞቱብኝ። ምልክት ነው ብላችሁ እንዳታለቅሱ ፈርቼ፣ ጥቁር ጆሮ እየፈለግሁ በምስጢር ተካሁ። ገብርኤል ያውቃል፤ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

(ብዕሬ እዚህ ላይ ጥቂት ቆሟል። ቄስ መልአኩ።)

አንደኛ ምስክር፣ ቄስ መልአኩ፦ ሰምቼ ጽፌአለሁ። ንስሐዋን ለብቻ እንነጋገራለን። ፊርማ።

ሁለተኛ ምስክር፣ ከሊፋ፦ ሰምቻለሁ፤ አንድ እርማት ግን አለኝ። አራተኛው ነው። ባለፈው ነሐሴ እማማ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ሦስተኛው ሞተ። ገበያ ለገበያ ዞረው ባለጥቁር ጆሮውን ያገኙት፣ ተሸክመውም ደረጃውን የወጡት ጋሼ አስቻለው ናቸው። እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር፤ ምስክር ሆኜ ግን መዋሸት አልችልም። ፊርማ።

ተናዛዥ፦ አስቻለውን ባየው መሬት መሬቱን ያያል። ስለ ቢላዎቹ ከላይ የተናገርሁት ይሰረዝ። ቢላዎቹ በሙሉ ለወንድሜ ይሁኑ፤ ኪሩቤል ሲመጣ በጉን አስቻለው ይረድ።

ጥሩወርቅ። ፊርማ።