«ብርዱ ሞቀኝ» ላሉን አርቲስት፣ ጣሪያ ካጣ አድናቂዎ

ለተከበሩ፣ ለተወደዱና በአገር ምድሩ ለገነኑት ለአርቲስት አንዷለም
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከተወዛዋዦችዎና ያንን ሁሉ ጭስ ከሚነፋው መሣሪያዎ ጋር እንደምን ሰነበቱልን? ከዚህ ይዘውት የሄዱት ጉንፋንስ ለቀቀዎት? እኛ መንዝ ውስጥ፣ ቀየት አካባቢ የምንገኝ ወዳጆችዎ፣ ጤናችንን ለፈጣሪ፣ ጣሪያችንን ደግሞ ለእርስዎ አስረክበን አለን።

ገብረ አማኑኤል እባላለሁ። ካስታወሱኝ፣ ለአዲሱ ዘፈንዎ ቪዲዮ ሊቀረጹ ጓሳ በመጡ ጊዜ ፈረስ ያቀረብኩልዎ፣ የበግ ፀጉር ባና ያለበስኩዎና ቤቴ ያሳደርኩዎ ሰው ነኝ። ከመጀመሪያው አልበምዎ ጀምሮ አድናቂዎ ስለሆንኩ፣ ገብስ ስወቃም በግ ስሸልትም ከድምፅዎ ተለይቼ አላውቅም፤ ሚስቴ አማከለች ከእኔና ከእርስዎ ማንን እንዳገባች ግራ እስኪገባት ድረስ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው አስተያየት ከፍቅር እንጂ ከክፋት እንዳልመጣ ይመኑልኝ።

1ኛ. ስለ ግጥሙ። «ብርዱ ሞቀኝ ጓሳ ላይ» እያሉ ደረትዎን ገልጠው ሲዘፍኑ ያየ ሁሉ አምኖዎታል፤ እግዜር ይስጥልን። እኔ ግን ካሜራው በቆመ ቁጥር ባናዬን እስከ አፍንጫዎ ተከናንበው፣ መኪና ውስጥ ማሞቂያ አስከፍተው፣ «ወይኔ እናቴ፣ እውነት እዚህ ሰው ይኖራል?» ሲሉ የሰማሁ ሰው በመሆኔ፣ ዘፈኑ በመጣ ቁጥር በእርስዎ ፈንታ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። ፍቅረኛዎንም «የጓሳዋ ማንጎ» ብለዋታል። ኧረ በእመቤቴ! እዚህ እኮ ገብስ እንኳን ተለምኖ ነው የሚበቅለው፤ ማንጎ የምናየው ከመርሐቤቴ ቆላ ሲመጣልን ብቻ ነው። ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ ከከተማ የሚመጡ ወጣቶች ዛፉን ካላሳያችሁን እያሉ መግቢያ መውጫ ስላሳጡን፣ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ እያሳየን «ወቅቱ አልፎ ነው» እያልን እንሸኛቸዋለን። ስምዎን ላለማስነቀፍ መዋሸት ጀምረናል ማለት ነው።

2ኛ. ስለ ፈረሱ። ነጭ ካልሆነ አልቀመጥም በማለትዎ፣ ዳማው ፈረሴ አማከለች ለበሶ ያስፈጨችው ዱቄት ተነስንሶበት አምባላይ ሆነልዎ። ቪዲዮው ላይ በጎቼ ከኋላዎ ተግተልትለው ሲከተሉዎ ያዩ ተመልካቾች፣ እንስሳት እንኳን በድምፁ ተማረኩ እያሉ ሲጽፉ፣ በጎቹ በሶ ሲልሱ እንደነበር እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

3ኛ. ስለ ሳሩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ እስካሁን ያልኩት መግቢያ ነበር። ጓሳ የጋራችን የሳር መሬት ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅና ሽማግሌዎች በቆረጡት ቀን ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን አጭዶ ቤቱን ይከድንበታል። እስከዚያ ድረስ አንዲት ዘለላ የነካ ይቀጣል። ይህን ገና ከመኪና ሲወርዱ ነግሬዎት፣ «ገብቶኛል ወንድሜ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ነበር። ፈረሱን ላመጣ ዞር ብዬ ስመለስ ግን፣ ተወዛዋዦችዎ በገዛ ማጭዴ ሳሩን አጭደው፣ ቀሚስ ሠርተው፣ ወገባቸው ላይ አስረው እስክስታ ይለማመዳሉ። ወይ ጉድ! እኛም እኮ ሳር እንለብሳለን፤ ገሳ ሠርተን፣ ዝናብ ሲመጣ፣ በትከሻችን ላይ። ሳር ለብሶ ዳሌውን የሚያዞር የመንዝ ሰው ግን በእርስዎ ዘፈን የመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ዘፈኑ እንደወጣ የእህቴ ልጅ ጽናት ስልኳን ይዛ ሽማግሌዎቹ ፊት እንድትቀርብ ተደረገ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም በመሆኑ፣ ሰብሳቢው አለቃ ተክለጻድቅ ዘፈን አንሰማም ብለው ድምፁ ተዘግቶ እንዲታይ አዘዙ። ድምፅዎ ቢሰማ ቅጣቱ ይከብድ ነበር ብዬ ስለማስብ፣ ጾሙ የጠቀመው እርስዎን ነው። ሽማግሌዎቹ ቀሚሶቹን ለማጣራት ደጋግመው ስላስጀመሩት፣ ከሚኩራሩበት የተመልካች ቁጥር ጥቂት የማይባለው የእነሱ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። በመጨረሻ አለቃ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ይህ ልጅ አፉን እንዲህ የሚበረግደው ጥርሱን አሞት ነው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ለክብርዎ ስል አዎ አልኩ።

ፍርዱ እንዲህ ነው፦ በእኛ ዘንድ በእንግዳ ጥፋት የሚጠየቀው እንግዳውን ያስገባው ሰው ነው። ወይ እርስዎ ራስዎ ድንጋይ በጫንቃዎ ተሸክመው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላሉ፤ ወይ ደግሞ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጓሳ ሲከፈት እኔ ድርሻዬን አጣለሁ። እኔ እኮ አሮጌው ክዳን ስለበሰበሰ አራግፌው፣ የጓሳን መከፈት ስጠብቅ ነበር! ቤቴ አሁን የጣሪያው እንጨት፣ ወራጁ ብቻ ነው የቀረው። ክረምቱ ሲገባ አማከለችንና ልጆቼን የት እንደማስገባቸው አላውቅም። ተናድጃለሁ፤ ከመናደዴ ይልቅ ደግሞ ፈርቻለሁ።

4ኛ. ስለ ሥራ አስኪያጅዎ። ይህን ሁሉ በስልክ ባስረዳቸው፣ ድንጋዩ ከስፖንጅ ተሠርቶ ቀለም ቢቀባ ችግር አለው ወይ ብለው በጨዋነት ጠየቁኝ። ጥያቄውን ለአለቃ ባደርስላቸው፣ እሳቸው ለአንገትዎ የሚሆን ድንጋይ ራሳቸው መርጠው ከደጀ ሰላሙ አስቀምጠዋል፤ ሁለት ሰው ነው ያነሳው።

ስለ ዜማው የተጠየቅኩ እንደሆነ ግን አልዋሽም። መጨረሻው ላይ ድምፅዎ ዝቅ ሲል አሁንም አንጀቴን ይበላዋል፤ ራሴን የምረግመውም በዚሁ ነው። እባክዎ ይምጡ። አንድ ቀን ነው፤ እንደ ለመዱት ብዙ ሕዝብ ይጠብቅዎታል፣ መዝፈንም አይጠበቅብዎትም።

እስከ መጀመሪያው የሐምሌ ዶፍ ድረስ በታላቅ አክብሮት የምወድዎ፣ ለዝናዎ ማጭዱን፣ ፈረሱን፣ በሶውንና ጣሪያውን የገበረ ታማኝ አድናቂዎ፣
ገብረ አማኑኤል፣ ከጓሳ ሥር

ማሳሰቢያ፦ ረስተውት የሄዱትን፣ ፊትዎ የታተመበትን ትልቅ ባነር ለጊዜው ወራጁ ላይ ወጥሬዋለሁ። ሰሞኑን የጣለውን የበልግ ዝናብ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም፤ እስከ ዛሬ ካወጧቸው ሥራዎች ሁሉ ለቤቴ የጠቀመው እሱ ነው። አማከለች ግን ከላይ እያፈጠጠብኝ አልተኛም ስላለች፣ ፊትዎን ወደ ሰማይ አዙረነዋል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁራዎቹ አስተያየታቸውን ሳያቋርጡ እየሰጡበት ይገኛሉ።