አቢጋኤል በዝናብ ያነሳችው አበባ

ለእህቴ ለወለቴ፣

እንዴት ከርመሻል እታለም? ያ ክፉ ሳል ለቀቀሽ ወይ? የማርቆስ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጤነኞች ነን፤ እማዬም ጉልበቷ ተሽሏት ገበያ በእግሯ መሄድ ጀምራለች። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። ለሰው የማይነገር ስለሆነ ላንቺ ልጻፈው ብዬ ነው።

መስከረም ላይ አቶ ኦይታ የሚባሉ የሎጅ ባለቤት ለእንግዳ መቀበያቸው ግድግዳ የሚሆን የተራራ አበባ ፎቶ አዘዙኝ። ባለቤቴ አቢጋኤል፣ ከገረሴ በላይ ያለው መስክ አሁን አበባ ብቻ ነው አለችኝ፤ የተወለደችበት አገር አይደል። ጃንጥላ ትይዝልኛለች ብዬ አብረን ወጣን። ገና ከመድረሳችን ዝናቡ ወረደ። እኔ ካሜራዬን በፌስታል ጠቅልዬ እስኪያባራ ስቆም፣ እሷ ጃንጥላውን ለኔው አስጨብጣኝ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና በስልኳ ታነሳ ጀመር። ሳቅኩባት። ሲያባራ እኔም እስኪበቃኝ አነሳሁ።

ቁጥር ለማብዛት የእሷንም ቀላቅዬ ወሰድኩላቸው። አቶ ኦይታ የኔን በጣታቸው እየገፉ አለፉና ከእሷ አንዱ ላይ ቆሙ። ዝናቡ ሲመታው አንገቱን የደፋ አደይ፣ ከኋላው ጭጋግ ብቻ። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲያ ያለ አንስቼ አላውቅም። "ይኼ ያንተ ነው?" ሲሉኝ "አዎ" አልኳቸው። ስምህን ጻፍበት አሉኝ፤ ጻፍኩበት።

አቢጋኤል ስሜ ያለበትን ፎቶ ያየችው ሎጁ ሲመረቅ፣ እንግዳ መሃል ቆማ ነው። ቤት ስንገባ፣ "ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር እታለም።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ታግዬ በአራተኛው ሎጁ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። የኔ ስም ወርዶ የእሷ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ አቶ ኦይታ ሥራ ሲኖራቸው የሚደውሉት ለእሷ ነው። ትናንት በዝናብ ትልቁን ካሜራዬን አውሼያት በሎጁ መኪና ወደ ገረሴ ወጣች፤ እኔ ስቱዲዮ ቁጭ ብዬ የመታወቂያ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ። በሰላም ግቢ ብያት፣ ያነሳችው ሁሉ ደብዝዞባት በመጣ ብዬ ስመኝ ዋልኩ ብልሽ ታምኛለሽ?

አልደበዘዘባትም። ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ሁለት ፎቶ አሳየችኝና ለአቶ ኦይታ የትኛውን ልላክ አለችኝ። እጄ መጀመሪያ ወደ ደካማው ሄደ። እሷ አምናኝ ትጠብቃለች። መልሼ ጥሩውን አሳየኋት። ላከችው።

ጋሽ ወልደየሱስን በጣም አክባሪህ ነው በይልኝ። ልጅሽን ማራኪን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ ናፍቆቷን፣ አቢጋኤልም ሰላምታዋን ልከውልሻል።

ታናሽ ወንድምሽ ልዑልሰገድ

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.