በእትዬ ፊት የሚከፈት ስልክ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ባለ ቁልፉ ስልኬ ዛሬ አረፈ። የእርማት ወረቀት ይዤ ወደ ጥረዛ ክፍል ስገባ ከደረት ኪሴ ተንሸራቶ ሙጫ ባልዲ ውስጥ ገባ። ጠራዡ በጭልፋ አወጣውና ጋዜጣ ላይ አጋደመው። ደግ ሰው ነው፤ ኮፍያውን ሳይቀር አወለቀ።

ከሥራ ስወጣ አዲስ ገዛሁ። ሻጩ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ፊትዎን አይቶ ነው የሚከፈተው» አለኝ። ፊቴን? እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት ለመለየት ጊዜ የሚወስድብኝን ፊት? በተጨማሪ የሚስጥር ቁጥር አስገባ ተባልኩ። «የማይረሱት ይሁን።» የማልረሳውን አስገባሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ስልኩ ሥራ ሳይጀምር «ተስማምተዋል?» ይላል። በምን? ረጅም ውል አለው። ሰው ሁሉ ሳያነብ ይስማማል አሉ። የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሳላነብ አልፌ አላውቅም። የምሳ ሰዓቴ በዚሁ አለቀ። አንቀጽ ከአንቀጽ ይጣላል፣ አራት ነጥብ በየሜዳው ወድቋል... አረምኩት። የምልክበት አድራሻ ግን የለም። መጨረሻ ላይ ከ«እስማማለሁ» በቀር የሚነካ ነገር አጣሁ። የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለው ስምምነት ሌላ ስም አለው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

መነጽር ሠሪዋ ጻፈችልኝ። ባለፈው መነጽሬን የሠራችልኝ ናት።

«መነጽሩ ተመቸህ?»

«አንተ» ብላኛለች። ሱቋ ውስጥ «እርስዎ» ነበርኩ። በመካከሉ ምን ሆነ?

«ሁሉን ነገር አጥርቼ አያለሁ። ሳላይ ይሻል ነበር» ብዬ መለስኩ። ቢጫ ፊት ላከች፤ እንባው እስኪወርድ የሚስቅ። ብዙ አየሁት። በእኔ ነው የሚስቀው ወይስ ለእኔ?

እትዬ ከማድ ቤት፣ «ማነው በሰንበት የሚጽፍልህ?»

«ማተሚያ ቤት ነው።»

ስልኩ ላይም «ማተሚያ ቤት» ብዬ መዘገብኳት። ፈሪ ነኝ? ነኝ። እትዬ ታላቄ ናት፤ ጡረታ እስክትወጣ ጉምሩክ ሻንጣ ፈታሽ ነበረች። የአባታችንን ቤት ተጋርተን እንኖራለን። አንድ ጊዜ የወደድኳትን አስተማሪ ቤት ያመጣኋት ጊዜ፣ ገና ወንበር ሳትስብ፣ «የደበቅሽው ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሪ፤ በኋላ ቅጣት አለው» አለቻት። አስተማሪዋ ሁለተኛ አልመጣችም። ይቺኛዋ እንዳትሸሽብኝ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ።

እትዬ ሰዓት ለማየት ስልኬን አነሣች። ተከፈተ። እንዲሁ... ፊቷን አየና አስገባት።

«የአባታችን አፍንጫ ነው» አለች። «ስልኩ ዘር ይቆጥራል።»

ልነጥቃት ተነሣሁ። በአንድ እጇ እኔን ያዘች፣ በሌላው ፈተሸች። ሙያ ነው።

«ማተሚያ ቤታችሁ ‹ደኅና እደር› ይልሃል?»

መነጽሬን በነጻ እጄ አስተካከልኩ።

«ደግ ማተሚያ ቤት ነው፣ የኔ ሊቅ። ለሠራተኛው ሁሉ ነው ወይስ ላንተ ብቻ?»

«የሥራ ጉዳይ ነው።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

አሰብኩበት። ስልኩ ሁለታችንን መለየት ካቃተው፣ ፊቶቹን ማራራቅ ነው። እትዬ እንደማትለወጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጺም አሳድጋለሁ። እዚያ እንኳ አትከተለኝም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

መነጽሬ ላላብኝ ብዬ ሱቋ ሄድኩ። (ያላላሁት እኔ ነኝ።) ብሎኑን እያጠበቀች፣ «ጺሙ ያምርብሃል፤ እንዳትላጨው» አለችኝ። ወደ ቤት በየት በኩል እንደመጣሁ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ስልኬን አነሣሁ። «ፊትዎ አልታወቀም።» መብራት ጨመርኩ። «አልታወቀም።» ፈገግ አልኩ። ኮስተር አልኩ። «የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ።» የማልረሳው ቁጥር... ምን ነበር? የቤታችን ቁጥር? የመጀመሪያ ደመወዜ? ብዙ ሞከርክ፣ ጠብቅ አለኝ። በገዛ ስልኬ።

እትዬ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አሰገገች። ተከፈተ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ጥገና ቤት ሄድኩ። «ቁጥሩን ካላወቁ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው» አለ ጠጋኙ። አዲስ ፊት ማስገባትም ያንኑ ቁጥር ይጠይቃል።

«መልእክቶቹስ?»

«ይሄዳሉ።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«ጋሼ፣ ለምን ጺምዎን አይላጩም?»

ለምን እንደማልላጭ ለማያውቁት ሰው አይነገርም። ከድጡ ወደ ማጡ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

መልእክት ገባ። ስልኩ ሳይከፈት የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው፦ «እሑድ ከሰዓት በኋላ ካልተ...»

ካልተ ምን? ካልተመቸህ? ካልተገናኘን? ካልተላጨህ? ዕድሜዬን ዐረፍተ ነገር ሳርም ኖሬ እንዲህ የጨከነ አላጋጠመኝም። እስከ እራት ታገሥኩ። ከዚያ እትዬ ፊት ቆምኩ።

«አንድ ጊዜ እዪልኝ።»

«ምኑን?»

«ስልኩን። ዝም ብለሽ እዪው።»

«ቀረጥ አለው። የሳምንት ዕቃ ታጥባለህ።»

«እሺ።»

«መስኮቶቹንም።»

«እትዬ...»

አየችው። ተከፈተ። አልሰጠችኝም፤ ጮክ ብላ አነበበችው። «‹እሑድ ከሰዓት በኋላ ካልተያዝክ ወንዙ ዳር እንራመድ? ካልሆነም ግድ የለም።›» ስልኩን ከእጄ አራቀችው። «ግድ የለም የምትል ሴት ግድ አላት» አለች። ከዚያ እጄ ሳይደርስ ጽፋ ላከችው፦

«ይመጣል። ሸሚዙ ይተኮሳል።»

ኅዳር 27፣ ዓርብ

«ይመጣል»... መነጽር ሠሪዋ ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው የሚያወራ ነው ትለኛለች። ወይ እብድ፣ ወይ ንጉሥ። መልሷ ቢጫ ፊት ብቻ ነው፤ እትዬ ናት ያየችው።

«የትኛው ቢጫ ፊት?»

«የሚስቀው።»

«የትኛው የሚስቀው?»

«ሂድ ዕቃህን እጠብ።»

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

እትዬ ጠዋት የሥራ ዘመኗን ቦርሳ አንግታ ወጣች። የት? «ጉዳይ አለኝ።» ምን ጉዳይ እንዳላት ጠፍቶኝ ነው? ይኸኔ «የደበቅሽው ነገር ካለ» ብላታለች። ልሩጥ? ልደውል? በማን ፊት?

ለምሳ ተመለሰች። መነጽር አድርጋለች። ወፍራም፣ ቀይ።

«ልፈትሻት ሄጄ እሷ ፈተሸችኝ» አለች። «ገና ስገባ ‹የእሱ እኅት ነዎት፤ አፍንጫው አይዋሽም› ብላ አስቀመጠችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል ያንብቡ አለችኝ፤ ከላይኛው በቀር አንዱም አይታየኝም። ስንቱን ሻንጣ እንዲህ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት?»

ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

«ስለ እኔስ ምን አልሻት?»

«ምን እላለሁ? ‹ይመጣል ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት አይደል?› አለችኝ። አልካድኩም። ‹እሱ ቢሆን እስካሁን እያረመው ነበር› አለች። ታውቅሃለች።»

ኅዳር 29፣ እሑድ

ሄድኩ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ስለ ወንዙ ብዙ የማስታውሰው የለም። ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ። ሌላውን አልጽፍም፤ እትዬ አሁን አጥርታ ታያለች።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ስልኩ እትዬን አላወቃትም። በመነጽሩ የተነሣ።

«አንዴ አውልቂውማ።»

«አላወልቅም። ያምርብዎታል ብላኛለች።»

«ለአንድ አፍታ...»

«አንተስ ጺምህን ለአንድ አፍታ ለምን አትላጭም?»

ተያየን። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ስልኩ እንግዲህ ማንንም አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብሎ አልፎ አልፎ ያንጎራጉራል፤ ማንም አይነካውም። ከሥራ ስወጣ በእግሬ ሱቋ ድረስ ሄጄ ደኅና እደሪ እላታለሁ። የሱቁን መዝጊያ አብረን ወደ ታች እንስበዋለን። ብረት ነው፣ ከባድ ነው። ዛሬ ብቻዋን እንዴት ስትዘጋው እንደኖረች ጠየቅኳት።

«ድሮ ቀላል ነበር» አለች። «ሰሞኑን ነው የከበደኝ።»