እርግብግቢቱ አልነበረም

ሰኞ

ዛሬም ያው። «ቅቤ ብትቀቢው ኖሮ ይገጥም ነበር።» የባለቤቴ እናት እማማ አስካለ ከቀራንዮ ድረስ መጥተው ይህንኑ ብለውኝ ሄዱ። በክፋት አይደለም። ለልጄ ለናትናኤል እሳቸውም ያለቅሱለታል።

ልጄ ሲወለድ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ እብጠት ነበረው። አዋላጇ «ራስ ቅሉ አልተዘጋም» አለች። ሁላችንም እርግብግቢቱ መሰለን፤ አናቱ ላይ ያለው ለስላሳው ቦታ። እሱን ቅቤ ያጠነክረዋል ይባላል። እኔ አልቀባሁትም፤ ሐኪም ቤት አትቀቢ ብለውኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ ወዲህ እጄን ባየሁ ቁጥር፣ ያልቀባው ይህ እጅ ነው እላለሁ።

ነገ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ። ሳልጠይቅ አልመለስም።

ማክሰኞ

ጠየቅሁ! ከአየር ጤና ጀምሮ ታክሲ ውስጥ ስለማመደው ነበር። «ዶክተር፣ ቅቤ ብቀባው ይዘጋ ነበር?»

አልሳቀችም። የነጠላዬን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሲጀመሩ እንዲህ ጠፍጣፋ ናቸው። ከዚያ ሁለቱ ጠርዞች ይታጠፉና እንደ ቱቦ ይገጥማሉ።» ጠቀለለችውና አንድ ቦታ ላይ ጣቷን ከተተች። «የናትናኤል እዚህ ጋ አልገጠመም። አጥንቱም ክፍት ቀረ፤ አንጎሉ በዚያ ወጣ።»

«መቼ?»

«በመጀመሪያው ወር። ማርገዝሽን ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ነበር።

እርግብግቢት ሌላ ነው አለች። የሁሉም ሕፃን ክፍት ነው፤ በጊዜው ራሱ ይገጥማል። ቅቤው አይደለም። እርጉዝ ሆኜ የተሸከምኩት የውሃ ጀሪካን አይደለም። ምችም አይደለም።

ከማርገዝ በፊት የሚጀመር ፎሊክ አሲድ የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ። «ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ ግን ስጋቱን ይቀንሰዋል።»

ረቡዕ

እማማ መጡ። እኔም በነጠላ አሳየኋቸው። መጀመሪያ አበላሸሁት፤ ደግሜ አጠፍኩት።

«እንዲያ ከሆነ ይሄን ሁሉ የሕፃን ራስ የቀባሁት በከንቱ ነው?» አሉ።

ባለቤቴ ታምሩ በራውን ዳሰሰ። «የኔን አታዪውም፣ እማዬ?»

ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ እዚህ ቤት ሳቅ አልነበረም።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አሉ እማማ።

«የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ጥፋት አላውቅም!» ብለው ሳይሰናበቱኝ ወጡ። አልከፋኝም። እኔ አውቄዋለሁ፤ ይበቃል።

ዓርብ

ኪኒኑን ጀመርኩ። ትንሽ ናት፤ ግን ፈራኋት። መዋጥ ማለት ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ናትናኤልን ጥዬው የምሄድ መሰለኝ። ይዣት ቆየሁ። ዋጥኳት።

ከሰዓት እማማ ቅቤ ይዘው ገቡ። ደነገጥኩ። ከኋላዬ ተቀመጡና ከቀብሩ ወዲህ ያልተነካውን ፀጉሬን ፈቱት።

«ይሄኛውን ራስ እንኳ ቅቤ ይጠቅመዋል» አሉ።

እጃቸው ማጅራቴ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነበር?»

«ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እማማ።»

ትንሽ ከፍ አደረጉት። እዚያ ጋ ብዙ ቆዩ።