በሬሳ ሣጥን ውስጥ ሳለሁ ለተነሣሁት ፎቶ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቴአትር ቤታችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእኔን የጠየቁ እንደሆነ በሕይወት አለሁ፤ ይህን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈለገኝ ክፍልዎ ባለፈው ማክሰኞ በቴአትር ቤቱ ገጽ ላይ ከሙሉ ስሜ ጋር ያወጣው ፎቶ ብዙ ሰው ስላስለቀሰ ነው።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ላስረዳ። በአዲሱ ቴአትር ሦስተኛ ገቢር ላይ የሚሞተው አጎት እኔ ነኝ፤ ሥራዬም ፊቴን ዱቄት ተቀብቼና ዓይኔን ጨፍኜ ሃያ ደቂቃ ሣጥን ውስጥ መጋደም ነው። በልምምዱ መሐል ባልደረባዎ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ መጥቶ ፎቶ አነሣኝ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ተደርጎ፣ ከድርሰቱ በተቀነጨበች «ደህና ሁን፣ ወንድማችን» በምትል ቃል ታጅቦ ልምምዱ ሳያልቅ ወጣ፤ ልምምድ መሆኑን የሚናገር ነገር ግን አንድም አልተጻፈበትም።

እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ጎረቤቷ ስልኳን ይዛ እያለቀሰች በሯን ስታንኳኳ እኔ ገና ሣጥኑ ውስጥ ነበርኩ፤ በልምምድ ሰዓት ስልክ ማጥፋት ደንባችን ስለሆነም እህቴ ደጋግማ ደውላ አላገኘችኝም። ራሷን ስታ ወድቃ ወደተወሰደችበት ሆስፒታል ስደርስ እናቴ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትዳብስ ጀመር፣ ዱቄቱንም ከፊቴ ላይ በመዳፏ ጠረገችው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ለምን ፈቃዴ እንዳልተጠየቀ ስጠይቅ ክፍልዎ «ሲነሣ አልተቃወመም» የሚል መልስ ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። ሬሳ ሆኖ የተኛ ሰው ዝምታ እንደ ስምምነት በሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ማገልገሌን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

2. ልብስ የምንቀይርበት መጋረጃ ማጠሩን ሴት ባልደረቦቼ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ሲያመለክቱ ማየት የተሳነው ክፍልዎ፣ በካሜራ ሲሆን ግን ልብስ ሲቀይሩ እስከማንሣት ድረስ አጥርቶ ስላየው አመሰግናለሁ። ከመካከላቸው አንዷ ከዚያ ወዲህ ልብሷን ከቤቷ ለብሳ ነው የምትመጣው።

3. ፎቶዬ እንዲወርድ ስለምንዎት «ብዙ ሰው እያየው ስለሆነ ትንሽ ይቆይ» ስላሉኝ... እዚህ ላይ ምስጋናው አልወጣልህ አለኝ። ጌታዬ፣ ተጸይፌያለሁ። አንዲት አሮጊት ልጄ ሞተ ብላ መሬት ላይ የወደቀችበትን ነገር እንደ መልካም የሥራ ውጤት የሚያይ ሰው ባለበት ኮሪደር ላለማለፍ በጓሮ በር ነው የምገባው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሐኪሞቹ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ብለዋል፤ ስትገባ ያ ፎቶ በየጎረቤቱ ስልክ ላይ እንዳይጠብቃት ከዚያ በፊት ይውረድልኝ። ከእንግዲህም ማንም ሰው በልምምድ ላይ ዓይኑ ተከፍቶ፣ ልብሱን ለብሶና እሺ ብሎ ካልሆነ በቀር አይነሣ። እስከዚያው ሣጥኑ ውስጥ አልተኛም፤ አዘጋጁም በዚህ ተስማምቶ ሟቹን በወንበር ላይ አስቀምጦ እያለማመደ ነው።

ገና በቁሜ ሳለሁ ስላሰቡልኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም ጥቂት ኀፍረት እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

የሦስተኛው ገቢር ሟች

ግልባጭ፦
ለቅሶ ለመድረስ ከሩቅ ለተነሡ ዘመዶቼ በሙሉ

በድጋሚ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል እህቴ ከሆስፒታል ደወለችልኝ። ክፍልዎ ለእናቴ አበባ ልኳል፤ አመሰግናለሁ። አበባውን ያመጣው ባልደረባዎ ካሜራውንም አልረሳም፤ «ሁሌም ከሠራተኞቻችን ቤተሰብ ጎን ነን» የሚለውን ፎቶ አሁን ገጹ ላይ አየሁት። ፎቶው እንዳይበላሽ ብሎ የኦክሲጅኑን ቱቦ ከአፍንጫዋ ላይ ለአፍታ እንድታወርደው ለምኗት ነበር፤ እሷም እንግዳ እንዳይቀየም ብላ አውርዳለታለች።