የሰናይት የመጀመሪያ ቃል

ኅዳር 9 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ አሰብ

የልጅ ልጄ ሰናይት አባቷ ከተወሰደ ወዲህ ቃል አልወጣትም። ሦስት ዓመቷ ነው። ከዘይት ቆርቆሮና ከቆርኪ መኪና ሠርቼ፣ «መኪና በይና ውሰጂ» እያልኩ ሳምንት ሙሉ ያዝኩባት። ዛሬ ጎረቤታችን ፋጡማ አይታ ሳቀችብኝ።

«ወላሂ አባባ፣ ይቺ ሕፃን ናት ወይስ ምልምል ወታደር? ይስጧትና አብረዋት ይጫወቱ!»

ምክር መቀበል አልወድም። ፋጡማ ስትሄድ ግን መኪናውን ለሰናይት ሰጠኋት፤ መሬት ላይም አብሬያት ተቀመጥኩ። ሰናይት አንድ ጠጠር አነሳች፤ መኪናው ላይ ወረወረችውና በወፍራም ድምፅ፣ «ግባ! ዝም ብለህ ግባ!» አለች።

የታጠቁት ሰዎች ልጄን ከዚህ ደጃፍ ሲወስዱት ያሉት ይህንኑ ነው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ያን ዕለት ሰናይትን ያቀፍኳት እኔ ነበርኩ።

እናቷ አልማዝ ከጓሮ ሮጣ መጣች። «ተናገረች! አባባ፣ ምን አለች?»

«እማዬ አለች» አልኳት። በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ይህን ስጽፍ አልማዝ በወዲያኛው ክፍል ልጇን አቅፋ፣ «አንዴ ብቻ ድገሚልኝ፣ የኔ እናት» እያለች ስትለምናት ይሰማኛል።